ከችግኝ ጣቢያ እስከ ጣውላ ተራ፤ የወይዘሮ አዲስዓለም ልየው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አዲስዓለም ልየው ከአባታቸው ከአቶ ልየው አንተነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትብለጥ ስሜነህ፣ በአዊ ምድር በእንጅባራ ከተማ ዳርቻ፣ ጥር 12 ቀን 1968 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ነበርና አባታቸው ሚካኤልን ሸኝተው ሲመለሱ ከገዛ ደጃቸው እልልታ ተቀበላቸው። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው አርፈው ስለነበር፣ አቶ ልየው ከበሩ ላይ እንደቆሙ "እንግዲህ ዛሬ አዲስ ዓለም ሆነልን" አሉ። ስሙም በዚያው ጸና።

አባታቸው የመንግሥት ደን ጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ደን የሚጠብቅ ሰው በሰፈሩ ወዳጅ አይበዛለትም። ማገዶ የተከለከለው ያኮርፋል፣ ምሰሶ ሲቆርጥ የተያዘው ደግሞ ለሠርጉ ሳይጠራ ያልፋል። አቶ ልየው ግን የአንዱን መጥረቢያ ቀምተው የመጡ እንደሆነ በማግሥቱ መጥረቢያውን ይዘው ከሰውየው ቤት ይሄዱና ቁጭ ብለው ያወሩ ነበር። "ብወስድበት ሌላ ይገዛል፤ ቤቱ ገብቼ ብለምነው ግን ያፍረኛል" ይሉ እንደነበር ወይዘሮ አዲስዓለም ደጋግመው ያነሡ ነበር። ብዙ ጊዜ አባታቸውን ተከትለው የሚሄዱት እሳቸው ነበሩ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በእንጅባራ ተከታትለው፣ በወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ገብተው በ1988 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በትውልድ ወረዳቸው በግብርና ጽሕፈት ቤት የደን ልማት ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ፤ የችግኝ ጣቢያውንም ተረከቡ። ዛሬ በእንጅባራ ዙሪያ ገበሬው ከእርሻው ዳር የሚተክለውን ዛፍ ያዩ ሁሉ፣ ከእነዚያ ችግኞች ብዙዎቹ በአዲስዓለም እጅ የፈሉ መሆናቸውን ያስታውሳሉ። ጣቢያው ውስጥ ሠራተኛ ሲያረፍድ ይቆጡ ነበር። ቁጣቸው ደግሞ እንደ ሐምሌ ዝናብ ነው፤ ወርዶ ወርዶ ሲያበቃ ምንም አይተርፈውም።

በ1991 ዓ.ም. መምህር ከነበሩት ከአቶ ማሩ ታረቀኝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1992 ዓ.ም. ልጃቸውን ኢዩኤልን፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸውን ትዕዛዝን ወለዱ። አቶ ማሩ ለዛ ያላቸው፣ ቤታቸውን በሳቅ የሚሞሉ ሰው ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ለፈተና እርማት ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ በመኪና አደጋ አረፉ። ወይዘሮ አዲስዓለም ሐዘኑን ከተቀበሉ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በሥራቸው ቆዩ። የአንድ ሰው ደመወዝ ግን ለሁለት ልጆችና ለታመሙ አባት አልበቃ አለ። በ1999 ዓ.ም. ልጆቻቸውን ለእናታቸውና ለታናሽ ወንድማቸው ለቅዱስ አደራ ሰጥተው፣ በኤጀንሲ በኩል ወደ ዱባይ ሄዱ። የወንዶ ገነት ዲፕሎማቸውን ከሻንጣቸው ሥር አስቀምጠው ነበር፤ ኤጀንሲው ስለ ትምህርት አልጠየቃቸውም።

በዱባይ በጁሜይራ ሰፈር የተቀበሏቸው ማዳም ሞዛ አምስት ልጆች የሚያሳድጉ ባልቴት ነበሩ። ሥራው ከባድ፣ ማዳሟም ነገረኛ ቢሆኑም ልበ ቀና ነበሩ። ወይዘሮ አዲስዓለም በዚያ ቤት አራት ዓመት ሲሠሩ ዐረብኛውን አጥርተው ተናገሩ፤ የሰው ልጆችም አሳደጉ። የራሳቸውን ልጆች የሚያዩት ግን በፎቶግራፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲገቡ፣ ትንሿ ትዕዛዝ ከቅዱስ ጀርባ ተሸሽጋ "አክስቴ፣ ደህና መጣሽ?" አለቻቸው። ይህንን ለሰው ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ሲስቁ ግን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. አንድ ቀን ማዳሟን ፊት ለፊት እንዲህ አሏቸው፦ "ማዳም፣ ልጆችዎ አድገዋል። እኔን ደግሞ ወደ ሥራዬ ይመልሱኝ።"

"ሹግልሽ ይኸው አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ሥራ አለሽ?"

"ደን ነው የተማርኩት።"

ማዳም ሞዛ ከት ብለው ሳቁ። "ዋላሂ አብደሻል! እዚህ ደን ከየት ላምጣልሽ?"

"ደኑ ባይኖር እንጨቱ አለ። ወንድምዎ የእንጨት ነጋዴዎች ሊቀመንበር አይደሉም?"

ማዳም ሞዛ ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። በሳምንቱ ግን ስልክ ደወሉና ወንድማቸውን "አንዲት ሐበሻ ልልክልህ ነው፤ እኔን እንዳደረቀችኝ አንተንም ታድርቅህ" አሏቸው። የቪዛውንም ዝውውር ራሳቸው ጨረሱላቸው።

ወንድማቸው ሙአዝ ይባላሉ። በሻርጃ ጽሕፈት ቤት ያለው፣ ከዱባይ ጎን ባሉት በሻርጃና በአጅማን ከተሞች የሚሠሩ የእንጨትና የጣውላ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። በማኅበሩ ውስጥ በመርከብ ከሩቅ አገር ግንድ የሚያስመጡ ባለጸጎችም፣ በአንድ ጠባብ ግቢ ጣውላ ደርድረው ለአናጺ የሚሸጡ ትንንሽ ነጋዴዎችም አሉ። ወይዘሮ አዲስዓለም ሥራ የጀመሩት በእንግዳ መቀበያው ላይ ነበር። ቀጥሎ የአባላት ጉዳይ ኃላፊ ሆኑ። በ2007 ዓ.ም. የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተሾሙ።

በዚያ ጽሕፈት ቤት አብረዋቸው የሠሩት ሁለት ሰዎች ዛሬም ሊሰናበቷቸው መጥተው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። አንደኛው ከሕንድ ከኬረላ የመጡት፣ መጋዘኖችን እየዞሩ የሚመለከቱት ጆኒ ናቸው። ሁለተኛዋ የሕግ ጉዳይ ኃላፊዋ ሱዳናዊቷ ኢኽላስ ናቸው። ጆኒ ገና በመጀመሪያው ቀን "ማዳም አዲስ" ብለው ቢጠሯቸው፣ "ማዳም አትበለኝ፤ ማዳም ጁሜይራ ነው ያለችው" ብለው አስቁመዋቸዋል። መኪናውን የሚነዱትም ሁልጊዜ ጆኒ ነበሩ። ምክንያቱም ወይዘሮ አዲስዓለም የመንጃ ፈቃድ ፈተና በተቀመጡ ቁጥር ይወድቁ ነበር። ፈታኙ መሪውን በትክክል እንዲይዙ ሲነግራቸው እሳቸው የመንገዱ ዳር ዛፍ ውኃ እንዳልጠጣ ይነግሩት ነበር ይባላል። ይህንን ግን እሳቸው አምነው አያውቁም።

ማኅበሩ እንደ ገቡ ይኖሩ የነበረው በዱባይ ካራማ ሰፈር፣ አልጋ ብቻ በሚከራይበት በቤድ ስፔስ ነው። ከአልጋቸው በላይ የምትተኛው ውብነሽ ጴንጤ ነበረች። እሳቸው ሲጾሙ እሷ ትዘምራለች፣ እሷ ስትጾም እሳቸው ያበስላሉ። በአንድ ክፍል እየተነዛነዙ ያደረጉት ወዳጅነት እስከ መጨረሻው ቀን አልተቋረጠም። ሹመታቸው ከጸና በኋላ በአጅማን ቤት ተከራዩ። እሑድ እሑድ ግን በሻርጃ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ አይውሉም ነበር። በዱባይ ዲራ ሰፈር ያለው የጽዋ ማኅበራቸውም በወር አንድ ቀን ያገኛቸዋል።

በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. የሆነው ነገር ሕይወታቸውን በሁለት ከፈለው። በሙቀቱ ወራት በቀትር ፀሐይ ደጅ መሥራት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ያርፋል። ወይዘሮ አዲስዓለም ከጆኒ ጋር በአጅማን ወደሚገኝ ወደ አንድ የጣውላ ግቢ ለአባልነት እድሳት በቀትር ደረሱ። ግቢው ጭር ብሏል። "ሰዎቹ የት ናቸው?" ብለው ሲጠይቁ ዘበኛው በጣቱ ወደ ላይ አሳያቸው። መሰላሉን ወጡ። ከተደረደረው ጣውላ በላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ በታች ቆጥ ተሠርቷል። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በመካከላቸው የጋዝ ሲሊንደርና ምድጃ አለ። ከታች ያለው ወለል በሰጋቱራ ተሸፍኗል። መውረጃው ያው አንዱ መሰላል ብቻ ነው።

በዚያ ሳምንት ከጆኒ ጋር ሌሎቹን ግቢዎች ዞሩ። ከግማሽ በላይ በሆኑት ቆጥ አገኙ። ወዲያው ለቦርዱ ሐሳብ አቀረቡ፦ ከእንግዲህ ማንም አባል ሠራተኛውን በጣውላ ግቢ ውስጥ አያሳርፍ፣ አያሳድር፤ ማኅበሩ በጋራ ቀዝቃዛ የማረፊያ አዳራሽ ያዘጋጅ።

ስብሰባው ጦፈ። አቡ ፈይሰል የሚባሉ የአጅማን ነጋዴ ጠረጴዛውን መቱ። "ይህች ሴት የማኅበሩ ጸሐፊ ናት ወይስ የመንግሥት ሰላይ? ሠራተኞቼ አልከሰሱኝም። እሷ ምን አገባት?" አሉ። ሌሎቹም ከማኅበሩ እንወጣለን አሉ። ሊቀመንበሩ ሙአዝ ማኅበሩ ሊፈርስባቸው ነው ብለው ፈሩ።

"አዲስዓለም፣ ሙሽኪላ አታምጪብኝ። ሐሳቡን ተይው።"

"አልተወውም፣ ሰይዲ።"

"ኸላስ! ከነገ ጀምሮ ኢኽላስ በቦታሽ ትሠራለች። አንቺ ወደ እንግዳ መቀበያው ተመለሽ።"

በዚያ ቀን ለወንድማቸው ለቅዱስ ደወሉ። ኢዩኤል ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነበር፤ ትዕዛዝም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን አልጨረሰችም። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በማኅበሩ እጅ ነው። ቅዱስ እንደ ማንኛውም ወንድም ፈራ። "እታለሜ፣ የሰው አገር ነው፤ ተይው ይቅርብሽ" አላቸው። እሳቸው ግን "ቅዱስ፣ ወጥቼ አይቼዋለሁ። እንዳላየ ሆኜ መውረድ አልችልም" አሉት። ማዳም ሞዛንም እንዲያማልዷቸው ለምነው ነበር፤ እሳቸው ግን "በወንድሜ ሥራ አልገባም" ብለው መለሷቸው። በዚህ አልተቀየሟቸውም።

በማግሥቱ በእንግዳ መቀበያው ተቀመጡ። ኢኽላስ የዋና ጸሐፊውን ክፍል ከፈቱ፣ ወንበሩን አዩ፤ ከዚያም የገዛ ወንበራቸውን እየጎተቱ አምጥተው ከወይዘሮ አዲስዓለም ጎን ተቀመጡ። "እዚያ ክፍል ይበርደኛል" አሉ። ከሰዓት በኋላ ጆኒም ወንበር ይዘው መጡ። እንዲህ ሆነና የዋናው ጸሐፊ ክፍል ባዶውን ከርሞ፣ የማኅበሩ ሥራ ሁሉ በበሩ ደፍ ላይ ይሠራ ጀመር። የሚመጣው አባል ሁሉ ለሦስቱም ሰላምታ ሰጥቶ መግባት ግድ ሆነበት።

ሙአዝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጉዞ ተመልሰው ሲገቡ ይህንን አዩ። "ይህ ምንድን ነው? ቢሮ ነው ወይስ የአውቶቡስ ፌርማታ?" ብለው ጮኹ። ጆኒ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ አዲስዓለም ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ሰይዲ፣ ስለ ወንበሩ አልመጣሁብዎትም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ነገ በቀትር ከእኔ ጋር አንድ መሰላል ይውጡ። ከዚያ በኋላ ተይው ካሉኝ እተዋለሁ።"

ሙአዝ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ካንዱራ የሚባለውን ነጭ ረጅም ቀሚሳቸውን ጠብታ እድፍ የማይነካው ሰው ናቸው። እሺ ይላሉ ብሎ ማንም አልጠበቀም። በማግሥቱ ግን መጡ። ጆኒ መሰላሉን ያዙላቸው። ወጥተው ከቆጡ ጫፍ ተቀመጡ። ሠራተኞቹ ሊነሡ ሲሉ በእጃቸው "ተኙ፣ ተኙ" አሉ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉ አንድ ባንግላዴሻዊ ትራሳቸውን አንሥተው ለእንግዳው አቀበሉ። ሙአዝ ትራሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሲወርዱ ካንዱራው ከገላቸው ተጣብቆ፣ በሰጋቱራ ተነክሮ ነበር። መኪናው ውስጥ ገብተው ጆኒ ማቀዝቀዣውን ሊከፍቱ ሲሉ "አታብራው" አሉ። "ትንሽ እንዲህ ልቀመጥ።"

የመስከረሙን ጠቅላላ ጉባኤ ራሳቸው ሙአዝ መሩት። ደንቡ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ብዙ አባላት ተቆጥተው ማኅበሩን ለቀቁ። አቡ ፈይሰል ግን አልለቀቁም፤ "ቆይቼ የምትወድቅበትን ቀን አያለሁ" ብለው ቀሩ። በዚያው ሳምንት ኢኽላስ ወንበራቸውን ወደ ክፍላቸው መለሱ፤ ወይዘሮ አዲስዓለምም ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

አዳራሹ በአጅማን ከነበረ አሮጌ መጋዘን ተሠርቶ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ተከፈተ። ደንብ መጻፍና ሰው እንዲፈጽመው ማድረግ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ወይዘሮ አዲስዓለም በየቀኑ ቀትር ላይ ከጆኒ ጋር አውቶቡስ ይዘው በየግቢው በር ይቆሙ ነበር። "ያላ! ያላ! እንቅልፉ እዚያ ነው ያለው!" ይሉ ነበር። ባለቤቱ በር ላይ ካለ ሻይ ይጠጡለታል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፤ ሠራተኛው ሳይወጣ ግን አይነቃነቁም። አቡ ፈይሰል እሳቸውን ሲያዩ ጥርሳቸውን ያፋጩ ነበር።

በሐምሌ ወር መጨረሻ አንድ ቀን፣ ከአቡ ፈይሰል ሠራተኞች ሁለቱ ደክሟቸው ከቆጡ ሊቀሩ ፈለጉ። አቡ ፈይሰል ራሳቸው "ውረዱ! ያቺ ሐበሻ መጥታ ጆሮዬን ሳታደነቁረው ሂዱልኝ!" ብለው አባረሯቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከኤሌክትሪክ ሽቦ እሳት ተነሣ። ደረቅ ጣውላ ነው፤ ሰጋቱራ ነው፤ ነፋሱም ከባሕር በኩል ነበር። ከአቡ ፈይሰል ግቢ ወደ ጎረቤቱ፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ዘለለ።

ጭሱ ከአዳራሹ ሲታይ ሠራተኞቹ ብድግ አሉ። ያላቸው ሁሉ በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ ነበር። "ልብሳችን! ፓስፖርታችን!" እያሉ ወደ በሩ ሮጡ። ወይዘሮ አዲስዓለም በሩን ዘግተው ጀርባቸውን ሰጡት። አጭር ሴት ነበሩ። ከፊታቸው የቆሙት ደግሞ ግንድ የሚሸከሙ ወንዶች ናቸው።

"አይወጣም! ፓስፖርት ይታተማል፣ ልብስ ይገዛል። እናንተን ማን ያትማችኋል? ማን ነው ለእናቶቻችሁ የሚደውለው? እኔ አልደውልም!"

አንዱ ገፍቶ ሊያልፍ ሲል እጁን ያዙትና አለቀሱ። ያን ጊዜ ሰውየው ቆመ፤ ሌሎቹም ቆሙ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው እሳቱን እስኪቆጣጠሩት ድረስ ከበሩ አልተነሡም።

አቡ ፈይሰል ጥምጣማቸው ወድቆ፣ ፊታቸው በጥላሸት ጠቁሮ እየሮጡ መጡ። በሩ ሲከፈትላቸው ማንንም አላነጋገሩም። በሠራተኞቻቸው መካከል እየዞሩ እያንዳንዱን በስሙ ይጠሩ ጀመር። መጨረሻ ላይ "ሁሉም አሉ?" ብለው ወይዘሮ አዲስዓለምን ጠየቁ።

"ሁሉም አሉ።"

አቡ ፈይሰል ከወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን በእጃቸው ያዙ። ጆኒ ይህንን አይተው በወይዘሮ አዲስዓለም ጆሮ "ይኸው እኮ፣ ብለሽ ነበር" ቢሏቸው፣ "ዝም በል፤ የሰው ንብረት እየነደደ ነው" ብለው ገሠጿቸው። ሄደውም ከአቡ ፈይሰል ጎን ከወለሉ ላይ ተቀመጡ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት እንደገና በየግቢው ዞሩ። አሁን ግን የሚለምኑት ለአቡ ፈይሰል ነበር፤ እያንዳንዱ አባል ከየመጋዘኑ ጣውላ እንዲሰጣቸው። በቁጣ የለቀቁት አባላትም ጣውላቸውን ጭነው ሲመጡ በዚያው የአባልነት ማመልከቻቸውን ይዘው ገቡ። አቡ ፈይሰል ግቢያቸውን ዳግመኛ ሲከፍቱ በሩ ላይ ያቆሟቸው ወይዘሮ አዲስዓለምን ነበር። እሳቸውም መርቀው ከከፈቱ በኋላ ቀና ብለው ወደ ጣሪያው አዩ። አቡ ፈይሰል እየሳቁ "ቆጥ የለም፣ ዋላሂ የለም! ውጪና እዪ" አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራም የደስታም ነበሩ። በወረርሽኙ ጊዜ ያንን አዳራሽ ምግብ ማከፋፈያ አድርገውት ነበር። ልጃቸው ኢዩኤል በባሕር ዳር ምሕንድስና ተምሮ ሥራ ያዘ፣ ትዳርም መሠረተ። ትዕዛዝ በነርስነት ተመርቃ በ2014 ዓ.ም. ወደ አጅማን መጥታ ከእናቷ ጋር መኖር ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ እናትና ልጅ በአንድ ቤት ሆነው ዓመት አሳለፉ። መጀመሪያ ላይ ስለ ሁሉም ነገር ይጣሉ ነበር፤ ስለ ጨው፣ ስለ ልብስ፣ ስለ መስኮት። ወይዘሮ አዲስዓለም ለውብነሽ "ዛሬም ተጣላን፣ ተመስገን" ብለው ይነግሯት ነበር። ያለፋቸውን የልጅነቷን ጭቅጭቅ አሁን እያወራረዱት እንደሆነ ያውቁ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የጡት ሕመም እንዳለባቸው በሐኪም ተነገራቸው። ሕክምናውን በጽናት ተከታተሉ። ሻሽ አስረው ወደ ጽሕፈት ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ኢኽላስን በቦታቸው እንዲተኩ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን አስረከቡ። ሙአዝ "ቤትሽ አርፊ፤ ደመወዝሽ አይቋረጥም" ሲሏቸው "ቤት ካረፍኩ ከትዕዛዝ ጋር እጣላለሁ" አሏቸው።

ባለፈው መስከረም ሕመሙ ጠና። ውብነሽ ሥራዋን በፈቃዷ ትታ ከሆስፒታል አልተለየችም። በአልጋቸው አጠገብ ዳዊት ትደግምላቸዋለች፤ እሳቸውም የጴንጤዋን ዜማ እያረሙላት ያዳምጡ ነበር። አንድ ቀን ማዳም ሞዛ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው መጡ። ዕድሜ ተጫጭኗቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሾርባውን ከነርሷ ተቀብለው በማንኪያ ማጉረስ ጀመሩ። ወይዘሮ አዲስዓለም "ማዳም፣ ይተዉ፤ ይደክምዎታል" ሲሏቸው፣ "ዛሬ ማዳሟ አንቺ ነሽ፤ አፍሽን ክፈቺ" አሏቸው። ግማሹ ሾርባ ከአንሶላው ላይ ፈሰሰ። ሁለቱም እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ ልጃቸው ትዕዛዝ እጃቸውን እንደያዘች፣ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ዋዜማ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከአንድ ቀን በፊት ንስሐ አባታቸው ደርሰው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ነበር።

ሬሳቸው ወደ እንጅባራ ሄዶ ከባለቤታቸው ከአቶ ማሩ ጎን እንዲያርፍ ተናዝዘዋል። ሣጥኑ ሊሠራ ሲል በአጅማን ጣውላ ተራ ጠብ ተነሣ። አቡ ፈይሰል "ከእኔ ግቢ ካልሆነ አይሠራም" አሉ። ሙአዝ ከውጭ ያስመጡትን ውድ እንጨት አቀረቡ። ትንንሾቹ ነጋዴዎች ደግሞ "እኛስ አልሞተችብንም?" ብለው ተቆጡ። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ ኢኽላስ፣ አሁን ዋና ጸሐፊ ናቸውና፣ ሁሉም አንድ አንድ ጣውላ ያምጡ ብለው ወሰኑ። አናጺዎቹም ነጩን ከቀዩ፣ ጠንካራውን ከለስላሳው ጋር አጋጥመው፣ በአውሮፕላን በሚፈቀደው ልክ ሠሩት። ዛሬ ከፊታችሁ ያለው ሣጥን መልኩ አንድ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዛሬው ቀትር በአጅማን ያሉት የጣውላ ግቢዎች ሁሉ ተዘግተዋል። ሠራተኞቹም በዚያው አውቶቡስ መጥተው ከኋላ ቆመዋል።

ወይዘሮ አዲስዓለም ልየው የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የአንድ ልጅ አያት ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ትብለጥ ስሜነህ በእንጅባራ በሕይወት አሉ፤ ልጃቸውን እየጠበቁ ነው። ልጆቻቸው ኢዩኤልና ትዕዛዝ፣ ወንድማቸው ቅዱስ፣ ወዳጃቸው ውብነሽ፣ ማዳም ሞዛና ቤተሰባቸው፣ ሊቀመንበሩ ሙአዝና የማኅበሩ ሠራተኞችና አባላት በሙሉ በሐዘን ላይ ናቸው። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ዛሬም ሥራችሁን ጥላችሁ ለመጣችሁ ሁሉ፣ የእግራችሁን ዋጋ እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ጌታ ሆይ፣ ከእሳት መካከል የሰው ልጆችን ስትሰበስብ ባሪያህ አዲስዓለም በሩ ላይ ቆማ ነበር። አሁን አንተ በርህን ክፈትላት፤ ፀሐይ በማይመታበት፣ ድካም በማይደርስበት ጥላህ ሥር ነፍሷን አሳርፍ። ለእናቷ፣ ለልጆቿና ለሁላችንም መጽናናቱን ስጠን። አሜን።